ጊደሯ ትቆይ፣ የዱቤ ደብተሩ ይምጣ

«ዕድሜዬ 23 ነው። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስላልመጣልኝ ከእናቴ ጋር በእህል መደብራችን እሠራለሁ። አሁን የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። የሞባይል መተግበሪያ መሥራት መማር እፈልጋለሁ። ሐሳቤ ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው ገበሬና ነጋዴ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ በየቀኑ የሚያይበት መተግበሪያ መሥራት ነው። ስለ ፕሮግራሚንግ ምንም አላውቅም። ኮምፒውተር የለኝም፤ ያለኝ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። አንዱ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀምሪ ይለኛል፣ ሌላው ፍላተር የሚባለው የመተግበሪያ መሥሪያ ይሻልሻል ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ሒሳብ የማትችይ ከሆነ አትድከሚ ይለኛል። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። በ3 ወር አስተምረን እናስመርቃለን የሚል ማሠልጠኛ አግኝቻለሁ። አባቴ ለላፕቶፑና ለትምህርቱ ክፍያ ጊደራችንን ልሽጥልሽ ብሎኛል። እሺ ልበለው? ከየትስ ልጀምር?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት የጊደሯን ጉዳይ ልመልስልሽ፤ እሱ ነው የሚቸኩለው። አሁን አትሸጥ። አባትሽን ከልብሽ አመስግኛቸው፤ ልጃቸው መማር ስለፈለገች ከብት ለመሸጥ የሚነሡ አባት ስላሉሽ ዕድለኛ ነሽ። ነገር ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት የሚያስፈልግሽ ነገር ሁሉ በእጅሽ አለ። ጊደሯ ብትቆይ ትወልዳለች። ላፕቶፕ ግን ተገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን እንደምትወጂው እወቂ፣ ከዚያ ይገዛል።

የ3 ወሩንም ማሠልጠኛ ለጊዜው ተዪው። ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። እኔ ስጀምር ለአንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ሦስት ወር ሙሉ ተመላልሻለሁ። ኮምፒውተሮቹ ለተማሪው ቁጥር አይበቁም ነበርና አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚጻፈውን ትእዛዝ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ስንገለብጥ እንውል ነበር። በመጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ከባዶ ልጽፍ ስቀመጥ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ አላውቀውም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ኀዘን ማንም እንዲሰማው አልፈልግም፤ ለወራት ያህል «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብዬ ተውኩት። ችግሩ ግን ከእኔ አልነበረም፤ ኮድ በመገልበጥ አይለመድም። አንቺም አንድ ቀን ልመዝገብ ካልሽ ከመክፈልሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። እያንዳንዱ ተማሪ በቀን ስንት ሰዓት ለብቻው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል? ባለፈው ዙር የጨረሱት ተማሪዎች የሠሩትን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ማየት እችላለሁ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ቤት ገንዘብሽን አይገባውም።

አሁን ወደ ሐሳብሽ ልምጣ። ከደጀን እስከ ዳንግላ የእህል ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ትልቅና የሚያኮራ ሐሳብ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አይሆንም። ከባድ የሚያደርገው ኮዱ ብቻ አይደለም። በየቀኑ የቢቸናን፣ የደምበጫን፣ የቡሬን፣ የእንጅባራን ዋጋ ማን ይልክልሻል? የላከው ሰው እውነቱን መናገሩን በምን ታውቂያለሽ? ዋጋ አሳስቶ የሚጠቀም ነጋዴ የለም ትያለሽ? ከገበሬው እጅ ያለው ስልክ ደግሞ ስንቱ መተግበሪያ የሚጭን ነው? በ8028 የሚሰጠውን የእርሻ ምክር አስቢ። ገበሬው በየትኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ደውሎ በራሱ ቋንቋ በድምፅ ይሰማል እንጂ ምንም ነገር እንዲጭን አይጠየቅም። ያንን አገልግሎት ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ ያዩት የገበሬውን እጅ ነው። ሐሳብሽን በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስታነቢው አሁን ከምታዪው ሌላ ነገር ታዪበታለሽ።

አንቺ ያለሽው የቅኔ አገር ነው። ዋሸራም ዲማም ጎረቤትሽ ናቸው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ልቁጠር አይልም። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ነገር ግን ያችን ሁለት ቤት ከሌላ ሰው አይገለብጥም፤ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ይሰብርለታል፣ ያቃናለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። የዋጋው መተግበሪያሽ መወድስ ነው። እኔ የምፈልግልሽ ጉባኤ ቃናሽን ነው። እሷም ደብተርሽ ውስጥ አለች።

አንድ ገጽ ገልጠሽ እንይ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ደንበኛችሁ 50 ኪሎ ጤፍ ወሰደች እንበል። የኪሎው ዋጋ 130 ብር ይሁን። 4,000 ብር ከፈለች፤ ቀሪውን ለመስቀል አለች። እናትሽ ይህን በአንድ መስመር ይጽፉታል፤ ጨርሰዋል። ስልክሽ ግን ይህን አንድ መስመር እንዲረዳ አንቺ ቆራርሰሽ ልታጎርሺው ይገባል። ፓይዘን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዲህ ትጽፊዋለሽ፦

ኪሎ = 50
ዋጋ = 130
የከፈለችው = 4000
ቀሪ = ኪሎ * ዋጋ - የከፈለችው

የ* ምልክት ማባዛት ማለት ነው። ይህ ለማስረዳት ብዬ ወደ አማርኛ የመለስኩት አይደለም። ፓይዘን የነገር ስሞችን በግዕዝ ፊደል ብትጽፊያቸው ይቀበላል፤ እንዳለ ጽፈሽ ብታስኬጂው ይሠራል። ከዚያ ፕሪንት የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ በቅንፍ ውስጥ ቀሪ ብትይው፣ ማለትም print(ቀሪ) ብትይ፣ 2500 ብሎ ይመልስልሻል። ኋላ ከሌሎች ጋር ስትሠሪ ስሞቹን በእንግሊዝኛ መጻፍ ትለምጃለሽ። አሁን ግን ሐሳቡን በምታስቢበት ቋንቋ ያዢው።

እስቲ አሁን አንድ ነገር ልጨምርበት። ሴትዮዋ በመስቀል ሰሞን መጥታ 3,000 ብር ሰጠች። ፕሮግራምሽ ቀሪው ከዜሮ በታች 500 ነው ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? እናትሽ ያውቁታል። ወይ መልሱን ሰጥተዋታል፣ ወይ «ለሚቀጥለው ጤፍ ይያዝልሽ» ብለዋታል። ስልኩ ግን አያውቅም። ልትነግሪው ይገባል፤ ቀሪ ከዜሮ ካነሰ «ተቀማጭ» ብለህ ጻፍ፣ ዜሮ ከሆነ «ተዘግቷል» በል፣ ካልሆነ «ዕዳ» በል። ኢፍ እና ኤልስ እየተባሉ የሚጠሩት ትእዛዞች እነዚህ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ናቸው። ፕሮግራሚንግ የምንለው ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። የምታውቂውን ነገር ምንም ለማያውቅ ሰው፣ አንዲት ነገር ሳይቀር፣ በቅደም ተከተል መንገር። መስመሩን መጻፍ ቀላሉ ነው። ሰው ሳይነገረው የሚያውቀውን፣ ማሽን ግን የማያውቀውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ለዚህ ደግሞ መደብር ውስጥ ያደገች ልጅ ከብዙ ተመራቂ ትሻላለች፤ ይህን የምለው ላበረታታሽ ብዬ አይደለም፣ አብሬያቸው ከሠራኋቸው ሰዎች ያየሁት ነው።

ሒሳብ ካልቻልሽ አይሆንም ላለሽም ሰው መልሱ እዚህ ላይ አለ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል። ይህን ደግሞ ሚዛን ፊት ቆመሽ ስትሠሪው ውለሽ ታድሪያለሽ። ከዚያ ያለፈ ሒሳብ የሚጠይቁ መተግበሪያዎች አሉ፤ የአንቺው ግን ከነዚያ አይደለም።

ለዚህ የሚሆንሽ መሣሪያ ፓይድሮይድ 3 ይባላል። ከፕሌይ ስቶር ትጭኚዋለሽ፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስልክሽ ላይ ፓይዘን ጽፈሽ ታስኬጂበታለሽ። ያለ ኢንተርኔት የሚለውን አጥብቄ የምነግርሽ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ አንቺም ስለማትረሺው ነው። የምትማሪበትን ነገር ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርደሽ ያዢ። መተግበሪያሽንም ስትሠሪ ይኸንኑ አስቢ። የዱቤው መረጃ እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት መደብር ማን ይፈልጋል?

ስለ እንግሊዝኛሽ ብዙ አትጨነቂ፤ ጨርሶ አያስፈልግሽም ግን አልልሽም። ፓይዘን ለራሱ ብሎ የያዛቸው ቃላት 35 ናቸው። ዳዊት የደገመ ሰው ባለበት አገር 35 ቃል ማጥናት ማንንም አያቅትም። የሚያስቸግርሽ ፕሮግራሙ አልሄድ ሲል በቀይ የሚጽፍልሽ የስሕተት መልእክት ነው። አብዛኛው ጀማሪ ያንን ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ስልኩን ያስቀምጠዋል። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦ ሌላ ደብተር ግዢ፤ መስመር አስምረሽ ገጹን ለሦስት ክፈይው። በአንዱ በኩል የመጣልሽን የስሕተት መልእክት እንዳለ ገልብጪ፤ መካከሉ ላይ ትርጉሙን በአማርኛ ጻፊ፤ በስተቀኝ ችግሩ ምን ሆኖ እንዳገኘሽው ጻፊ። በሁለት ወር ውስጥ ምናልባት 20 ዓይነት ስሕተት ትመዘግቢያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጡት የምታውቂያቸው ይሆናሉ። እኔ ዛሬም እንዲህ ያለ ደብተር አለኝ።

ከሚመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ኔም ኤረር የሚባለው እንደሚሆን ከወዲሁ እነግርሻለሁ። «ይህን ስም አላውቀውም» ማለት ነው። ከላይ ሒሳብ ብለሽ ጽፈሽ ከታች ሂሳብ ብለሽ ስትጠሪው ይመጣል። ለአንቺና ለእኔ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ለስልኩ ግን ሒ እና ሂ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ምክንያቱም ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲገባ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ።

ይህ ነገር የፊደል አጣጣል ክርክር ብቻ አይምሰልሽ፤ መደብራችሁ ድረስ ይመጣል። እናትሽ አንዲትን ደንበኛ «ፀሐይ» ብለው ጻፏት። አንቺ ከሁለት ወር በኋላ «ጸሃይ» ብለሽ ፈለግሻት። መተግበሪያሽ «እንዲህ የምትባል ደንበኛ የለችም» ይልሻል፤ ዕዳዋም ከነስሟ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ መተግበሪያሽ ስም ከመፈለጉ በፊት ሐንም ኀንም ሃንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐንም ኣንም ወደ አ ለውጦ እንዲያነጻጽር ማድረግ አለብሽ፤ ሰባቱንም ቤት አስቢ፣ ሂና ሒ፣ ሱና ሡ። የተጻፈው ስም በተጻፈበት ይቀመጥ፤ ማነጻጸሪያው ብቻ ይለወጥ፤ የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነውና። ይህች ሥራ 30 መስመር እንኳ አትሞላም። በአማርኛ የሚሠሩ ስንት መተግበሪያዎች ግን ይህን ረስተው ተጠቃሚያቸውን ሲያበሳጩ አይቻለሁ! አንቺ ግን በመጀመሪያ ሥራሽ ልታስተካክይው ትችያለሽ።

ቀን ደግሞ ሌላው ነው። ቀሪውን ለመስቀል ብላለች ብለናል። የስልኩ የውስጥ አቆጣጠር ግን መስከረም 17ን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሴፕቴምበርን ብቻ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል። አንዳንዴ ደግሞ መስከረም 1 በ12 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነች እንደሆነ። ይህንን ራስሽ አስይው፤ ከዱቤው ቀጥሎ ሁለተኛ ፕሮግራምሽ ይሁን። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍዪ፤ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ናት፣ ካልሆነ 5። ፓይዘን ውስጥ የ% ምልክት ማለት «ተካፍሎ የሚተርፈውን ስጠኝ» ማለት ነው። 2015ን ብታስገቢ 3 ይሰጥሻል፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። 2018ን ብታስገቢ 2 ይሰጥሻል፤ ስለዚህ 5። ያው ቀሪ ቁጥር የዓመቱን ወንጌላዊ ስምም ይነግርሻል። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን በአጠገብሽ ካለ ሄደሽ ጠይቂው፤ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ከኮምፒውተር በፊት እዚህ አገር እንደነበሩ በጣቱ ቆጥሮ ያሳይሻል። ለፋሲካ እከፍላለሁ የሚል ደንበኛ ካለ ግን ለጊዜው ቀኑን በእጅ አስገቢው፤ በዓሉ በየዓመቱ ስለሚዞር ስሌቱ ረዘም ይላል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

እነዚህን ሁለት ፕሮግራሞች ሳታዪ ከባዶ መጻፍ ስትችይ መልክ ያለው መተግበሪያ ወደ መሥራት እለፊ። ኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጉግል ተጀምሮ ኋላ ወደ አሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ነው። በኮምፒውተር አሳሽ (ድረ ገጽ በምንከፍትበት ፕሮግራም) ላይ ይከፈታል፤ ትእዛዞቹን እንደ መገጣጠሚያ እንጨት እየጎተትሽ ታጋጥሚያቸዋለሽ፤ ሲያልቅ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ፋይል ይሰጥሻል። የራስሽ ኮምፒውተር ስለሌለሽ በሳምንት ሁለት ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ገብተሽ ልትሠሪበት ትችያለሽ። አንዳንዶች የልጆች ነው ብለው ይንቁታል። አትስሚያቸው። የራስሽን ቁልፍ በራስሽ ስልክ ላይ ነክተሽ «ዕዳ 2500 ብር» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የምታዪበት ቀን ከብዙ ወር ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል።

ጃቫ ወይስ ፍላተር ላልሽው፣ እኔ ሁለቱንም ትቼ ኮትሊን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እልሻለሁ። ጉግል ከ2019 ጀምሮ ለአንድሮይድ ሥራ የሚያስቀድመው እሱን ነው፤ የአንቺም ተጠቃሚዎች የያዙት አንድሮይድ ነው። ፍላተር መጥፎ አይደለም፤ በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ያወጣልሻል። ለአይፎን ለማውጣት ግን የአፕል ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እሱን ለመግዛት አንድ ጊደር አይበቃም። ዋናው ነገር አንዱን ይዘሽ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አለመልቀቅ ነው። በየወሩ ቋንቋ የሚቀይር ሰው ከሁለት ያጣ ሲሆን አይቻለሁ።

የምስክር ወረቀት ካስፈለገሽ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ የአንድሮይድ ትምህርትም አለበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከስሕተት ደብተርሽ ጋር ሁለት ሦስት ወር ከቆየሽ በኋላ ግቢበት። ያኔ ቃላቱ እንግዳ አይሆኑብሽም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ይጽፍልኝ የለም ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። ይጽፍልሻል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አታስጽፊው፤ አስተማሪ አድርጊው። ያንን ቀይ መልእክት ስጪውና «ይህ ምን ማለት ነው? በአማርኛ አስረዳኝ፤ ኮዱን ግን አታርምልኝ» በዪው። አንዳንዴ በሙሉ ልብ ስለሚሳሳት የነገረሽን ሁሉ ራስሽ አስኬደሽ አረጋግጪ።

አሁን ስለ ላፕቶፑ። ለኮትሊን አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለው ፕሮግራም ያስፈልግሻል፤ እሱ ደግሞ ከባድ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይፈልጋል፤ 16 ቢሆን ይሻላል። የፋይል ማስቀመጫው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። ያገለገለም ቢሆን ይህን የሚያሟላ ይበቃል። ሻጩ «4 ጊጋ ነው ግን ይሠራል» ካለሽ ጥለሽው ውጪ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስልክ አስመስሎ የሚያሳየውን ፕሮግራም አትክፈቺ፤ ማሽኑን ያደክመዋል። የራስሽን ስልክ በገመድ አገናኚው። ስልክሽ ቅንብሮች ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኪው የሠሪዎች ምርጫ የሚባል ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚለውን አብሪ። ከዚያ በኋላ የምትጽፊው ሁሉ በቀጥታ ስልክሽ ላይ ይታያል።

ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት አትቸኩዪ። መመዝገቢያው አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል የሚሆን የባንክ ካርድ ይጠይቃል። በግለሰብ ስም አዲስ ለሚመዘገብ ደግሞ 12 ሰዎች ለ14 ቀናት ሳያቋርጡ እንዲሞክሩለት ግድ ይላል። አንቺ ለጊዜው ተጠቃሚሽ አንድ ሰው ናት፤ እናትሽ። ፋይሉን በቴሌግራም ልከሽ ስልካቸው ላይ ትጭኚላቸዋለሽ። እናትሽ በእጃቸው ይዘው የሚጠቀሙበት ከሆነ፣ የጎረቤት መደብር ሰዎች ራሳቸው መጥተው ይጠይቁሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰው ዕዳ ምስጢር ነው። መተግበሪያው ያለ የምስጢር ቁጥር እንዳይከፈት አድርጊ፤ የዱቤውን ዝርዝር ለሙከራ ብለሽ ለማንም አትላኪ፤ ስታሳዪ የፈጠርሽውን ስምና ቁጥር አሳዪ። ደብተሩንም አትጣዪ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባዋል። ደንበኛውም «አልተበደርኩም» ቢል የሚታየው ደብተሩ ላይ ያለው ፊርማው ነው። ቢያንስ አንድ የመከር ወቅት እስኪያልፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዥያቸው፤ ማታ ማታ ድምራቸውን አስተያዪ። ሲለያዩ ደስ ይበልሽ፤ ስሕተቱን ያገኘሽው ከደንበኛው በፊት ነውና።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርሽ። በቀን አንድ ሰዓት፣ ሳታቋርጪ ከሠራሽ ከፓይዘን ጋር ለመግባባት ሁለት ወር፣ እናትሽ የሚጠቀሙባትን ትንሽ መተግበሪያ ለማውጣት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅብሻል ብዬ አስባለሁ። በዚህ ሙያ ደመወዝ ለማግኘት ከዓመት በላይ ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ጊዜው ለአንቺ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ሲጨቀይ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ መደብር ውስጥ ተቀምጠሽ ስልክሽ ላይ ልትለማመጂ ትችያለሽ። ከኅዳር ጀምሮ አዲሱ ጤፍ ሲገባ ቀና የምትይበት ጊዜ አይኖርሽም፤ ያን ጊዜ ትምህርቱን ቀንሺው እንጂ አትተዪው። መስከረም ላይ የዱቤውና የጳጉሜኑ ፕሮግራም ሳታዪ የምትጽፊያቸው ከሆኑ፣ አፕ ኢንቬንተር ላይም የራስሽን ቁልፍ ነክተሽ ካየሽ፣ ያን ጊዜ ከአባትሽ ጋር ስለ ጊደሯ ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። እኔም ያኔ ሽጧት እላለሁ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ኮድ የሚባል ነገር አትንኪ። ከዱቤ ደብተሩ አንድ ገጽ ምረጪ። ለእያንዳንዱ መስመር እናትሽን ጠይቂያቸው። ከዕዳዋ በላይ ብታመጣ ምን ትጽፊያለሽ? ዕዳዋን በገንዘብ ፈንታ በበቆሎ ብትመልስ የማንኛው ቀን ዋጋ ይያዛል? ግማሹን በቴሌብር፣ ግማሹን በእጅ ብትከፍልስ? ያልከፈለችው እያለ ሌላ ጤፍ ብትወስድ በአንድ ትደምሪዋለሽ ወይስ ለየብቻ ትይዢዋለሽ? ልጇን ብትልክ ፊርማው የማን ነው? መልሳቸውን አንድ በአንድ ጻፊና ላኪልኝ። ጥያቄው ብዙ ስለሆነ ገበያ ባለበት ሰዓት አታስቸግሪያቸው፤ ማታ ቡናው ሲፈላ ጀምሪ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ አለሽ።